ሁለት ጾመኞችና አንዲት አራስ

ባለፈው ሳምንት ኾበር ከተማ፣ አል ዑለያ ሰፈር ካለው ቅመም ሱቅ ፌጦ ልገዛ ገባሁ። እዚህ ዐረብ አገር ረሻድ ይሉታል፤ ስሙ ነው እንጂ ፍሬው ያው የኛው ፌጦ ነው። ባለሱቁ ጎልማሳ የመናዊ ነው፤ ፊቴን ያውቀዋል። «እንዳለ ትወስጂዋለሽ ወይስ ልፍጭልሽ፣ ያ ኻላ?» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ፍጨው አልኩት። ያቺ ትንሽ የኤሌክትሪክ ወፍጮ መጮህ ስትጀምር ሽታው ተነሥቶ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰውየው ደንግጦ ወፍጮውን አጠፋ። «ሙሽኪላ አለ እንዴ?» «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ፍጭ አንተ፤ እኔና ፌጦ የቆየ ጉዳይ አለን» አልኩት። ፌጦ መቼም ያስለቅሳል። እኔ ግን እዚያው ባንኮኒው ፊት እንደቆምኩ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ነበር።

ኾበር ውስጥ ብርድ አለ ሲባል አገር ቤት ያለ ሰው ይስቃል። እኔም ስቄ ነው የመጣሁት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ውርጭ ሣሩን አመድ አስመስሎት ሲያድር እያየሁ ያደግሁ ሰው፣ ደግሞ ለበረሃ ብርድ! ኋላ ነው የገባኝ። የኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ሹልክ ብሎ ይሄዳል፤ የዚህኛው ከባሕር ነው የሚመጣው፣ እርጥብ ነው፣ አንዴ ቤት ከገባ ውጣ ቢሉት አይወጣም። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ በማቀዝቀዣው ቀዳዳ ደግሞ ነፋሱ እያፏጨ ይገባል። ያኔ ሁላችንም አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ ነበረን፤ ያ ወፍራሙ፣ ነብር የተሳለበት። ሰማንያ ሪያል ነበር። አበሻ ቤት ገብታችሁ ያ ነብር አልጋ ላይ ተጋድሞ ካላያችሁት ቤት ተሳስታችኋል ማለት ነው። ሁለት ቀይ ዘንግ ያላት የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ነበረችን፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ይጠበሳል፣ ጀርባው ይበርደዋል። ዛሬ ልጆቹ በሪሞት የሚሞቅ ቤት ውስጥ ሆነው «ብርድ ነው» ይሉኛል።

ሕንጻችን አል ዑለያ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ከሥሩ አፍጋኖቹ ታሚስ ዳቦ ይጋግሩ ነበር፤ አንዱ አንድ ሪያል፣ ስፋቱ ግን ትራስ የሚያክል። ሸሚዝ ሥር ሸጉጠው ሲያመጡት እስከ ፎቅ ድረስ ሆድን ያሞቃል። ቀጥሎ ላውንደሪ፣ ቀጥሎ ስልክ ቤት። ዓርብ ዓርብ ስልክ ቤቱ በር ላይ ያገሬ ልጆች ተሰልፈው ታያላችሁ፤ በየመን በኩል በእግራቸው የገቡት ወጣቶች ፖሊስ መጣ አልመጣ እያሉ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው፣ የቤት ሠራተኞቹ ደግሞ ዓባያቸውን ከራሳቸው ላይ አጣፍተው። ያኔ ዓባያ ከራስ ላይ ነበር የሚወርደው፤ እንደ ዛሬው በቀለምና በጥልፍ ከትከሻ የሚንጠለጠል አልነበረም። የሐበሻ ካሴት በሻንጣ ይመጣል፣ አንዱ ለአንዱ ይገለብጣል፤ አሥረኛው ሰው ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ቢሆንም እንሰማው ነበር።

ባሌ ጌታቸው ዳህራን ላለው የነዳጅ ኩባንያ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፣ መሽቶ ይገባል። እኔ ከመጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ አረገዝኩ። እዚያው ስልክ ቤት በር ላይ ነው እትዬ ዘነበች ያገኘችኝ። የደብረ ታቦር ሰው ናት፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ አል ሒዛም አል-አኽደር በሚሉት ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ለብዙ ዓመት ያገለገለች። ሆዴን አየችና ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ፣ «ማን ነው የሚያርስሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እናትሽስ?»

«ዐርፋለች።»

«እኔ ምን ልሠራ ነው የቆምኩት ታዲያ?» አለችኝና ስልኳን ልትደውል ገባች። በቃ፤ ዝምድናችን ያን ቀን ተጀመረ።

ልጄ ሰላም የተወለደችው ሁለት ጾም በተደራረበበት ሰሞን ነው። ረመዳን በየዓመቱ እየሸሸ ይዞራል አይደል? በዚያ ዓመት ዞሮ ዞሮ መጥቶ ከኛ ከገና ጾም ላይ ተቀመጠ። ረመዳን ሲሆን እዚህ አገር ሌሊቱ ቀን ነው፣ ቀኑ ደግሞ ሌሊት፤ የሀብታም ቤት እስከ ቀትር ተኝቶ ይውላል። የእትዬ ዘነበች ማዳም ደግ ሴት ስለነበረች፣ «እኔ እስክነቃ ድረስ ሂጂና አራሷን እያት» ብላ ፈቅዳላት ጠዋት ጠዋት ትመጣልኝ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ገና ዓባያዋን ሳታወልቅ ከወጥ ቤት ቢላ አምጥታ ትራሴ ሥር ወሸቀችው። «ብረት ከራስጌሽ አይጥፋ። አራስ ብቻዋን አትተኛም፤ ሰው ከጠፋ ብረት ይኑር» አለችኝ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚያ ቢላ ነው። ከኛ በታች ባለው ፎቅ ኡም ኻሊድ የሚሏቸው ባልቴት ከወንድ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የሐሳ ሰው ናቸው፤ ጣታቸው ሁልጊዜ ሒና የጠጣ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ምላሳቸው ግን ቀጥ ያለ። የሕፃን ልቅሶ ሰምተው አንድ ከሰዓት በኋላ በትንሽ ድስት የፌጦ ሙቅ ይዘው መጡ። ብቻዬን ነበርኩ። ቀና አድርገው ሊያጠጡኝ ትራሴን ሳብ ሲያደርጉት ቢላው ብቅ አለ። «ያ ዌሊ!» ብለው የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቢላውን ነጥቀው፣ በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን ወርደው፣ ልጃቸውን ኩባንያው ድረስ አስደወሉ። ጌታቸው አውቶቡሱን እየነዳ ሳለ በሬዲዮ፣ «ሚስትህ ቢላ ታቅፋ ተኝታለች፤ ራሷን ልትገድል ነው» ተባለ። አስቡት እንግዲህ!

ሰውየው እንዴት እንደደረሰ እንጃ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። የትራሱን ወሬ ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው፣ «ቢላ ለሰይጣን ነው፤ ሰይጣን ብረት ይፈራል፤ ለሷ አይደለም» ብሎ አስረዳቸው። ኡም ኻሊድ አሰቡ፣ አሰቡና ቢላውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ «ሕፃኗን እንዳይወጋት» ብለው መልሰው ትራሴ ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ግን ወደ ጌታቸው ዞረው ሳይስቁ፣ «ቢላው ገብቶኛል። ይቺ ልጅ ግን አትበላም። ሕፃኗ የምትጠባው አየር ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ምን እንደነካኝ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ሆስፒታሉ ኢንፌክሽን የለም ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ ነው የሸኘኝ። ግን እህል ሲሸተኝ ፊቴን አዞራለሁ። እትዬ ዘነበች ያገነፋችውን አልጋዬ ድረስ ታመጣለች፣ እንዳመጣችው ይቀዘቅዛል። ጡቴ ነጠፈ። ቀኑን ሙሉ ነብሩን ተከናንቤ ግድግዳውን ሳይ እውላለሁ። እናቴን ነበር የፈለግሁት፤ ሌላ ምንም አይደለም። አባብለው እንዲያጎርሱኝ ሳይሆን እሷው እንድትመጣ ነበር የምፈልገው፣ እሷ ደግሞ የማትመጣ ሆነች።

ያን ማታ ጌታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አስኩ፣ ኢዱ አልፎ ጀዋዛት ሲከፈት ኹሩጅ ላስመታልሽ ነው» አለኝ። ጀዋዛት የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ኹሩጅ ደግሞ አገሩን ለቅቆ መውጫ ቪዛ።

«የት ልሄድ?»

«እኅቴ ዘንድ። አዲስ አበባ ታረሺ። እኔ መሪ ጨብጬ እየዋልኩ እዚህ ብትሞቺብኝስ?»

«ኹሩጅ የመታች ሚስት መቼ ስትመለስ አየህ?»

ጫማውን ያወልቅ ጀመር። ሁለታችንም እናውቃለን። የቤተሰብ ቪዛዬን ያገኘው ካፊሉን፣ ማለት ዋሱን፣ ለምኖ፣ አለቃውን ደጅ ጠንቶ ነው፤ ሁለተኛ የሚሰጠው የለም። ለጥቂት ወር ብላ ወጥታ ልጇን ከአባትየው ፎቶ ጋር ያሳደገች ስንት ሴት አለች! እኔ ደግሞ ባል ያገባሁት በስልክ ቤት ወረፋ ላገኘው አልነበረም። አልሄድም ማለት ፈለግሁ፤ ግን ተነሥቼ ውኃ መቅዳት ያቃተኝ ሴት ምን ብዬ ልከራከር? «ኢዱ ይለፍና» አልኩት። በሆዴ ግን ኢዱ ባይመጣ ብዬ ተመኘሁ።

በማግሥቱ እትዬ ዘነበች መጥታ ኡም ኻሊድ የተዉትን ድስት ከፍታ አሸተተች።

«ምንድን ነው ይሄ? ፌጦ ነው? ለአራስ? ይቺ ሴትዮ ልትፈጅሽ ነው እንዴ!»

በኛ አገር ፌጦ ለሆድ ቁርጠት ነው፣ ለመጋኛ ነው፤ ነፍሰ ጡርም አራስም ግን እንድትጠጋው አይፈቀድም። ድስቱን ገለበጠችው። ገና እየፈሰሰ ኡም ኻሊድ ድስታቸውን ሊወስዱ ከች! የዚያን ቀን ጠብ እንዴት ልንገራችሁ። እትዬ ዘነበች የወጥ ቤት ዐረብኛዋ እሳት ነው። አንዷ «ረሻድ ይደፋል? እብድ ነሽ?» ስትል፣ ሌላዋ «ረሻድ ለአራስ መርዝ ነው!» ትላለች። «እኔ በረሻድ ሰባት ወልጄ ተነሥቻለሁ!» «እኔ በገንፎ አራት!» «ሰባት ይበልጣል!» «የኔዎቹ ግን ሰው ሆነዋል!» አንዷ የተጨማደደ ጣቷን፣ ሌላዋ የእንጨት ማማሰያዋን እያወናጨፉ፤ ሁለቱም ጾመኛ፣ ሁለቱም ከረሃቡ ብዛት እየተንቀጠቀጡ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳቄ ፈነዳ። ከወለድኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር፤ የተሰፋሁበት እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሁለቱም ጠባቸውን አቁመው በበሩ በኩል አዩኝ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የወጥ ቤቱን በር ዘጉት።

በነጋታው ጠዋት ሁለቱም አብረው መጡ። እትዬ ዘነበች የአገሯ ሰው ያመጣላትን የገብስ ዱቄት ይዛ፣ ኡም ኻሊድ የሐሳ ቅቤ በጣሳ ይዘው። ገንፎው ሲንተከተክ ይሰማኛል። ከዚያ እትዬ ዘነበች ተጣራች።

«አስካለ! ነይ እስቲ ጨው ቅመሽልን!»

«አምጪልኝ።»

«ገንፎ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ጨው አይገባለትም። ነይ!»

«አንቺ ቅመሽዋ!»

«ቅቤ የገባበትን? በጾም? ያንቺ ገንፎ እኔን ገሃነም ይክተተኝ?»

«ኡም ኻሊድ ይቅመሱ!»

«ረመዳን ነው! አታፍሪም?»

እውነት ነው፤ ምን ልበል? ከሦስታችን አፏ የተፈታ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አራስ በኛም አትጾም፣ በነሱም አትጾም። ነብሩን ገፍፌ፣ ግድግዳውን ይዤ፣ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ኡም ኻሊድ ሳይናገሩ ማማሰያውን አቀበሉኝ። ቀመስኩት። ጨው የሚባል ነገር አልዞረበትም።

«ባዶውን ነው!» አልኩ።

«እንግዲያ ጨምሪ።»

ጨመርኩ፣ ቀመስኩ። አልበቃም፤ ጨመርኩ፣ ቀመስኩ። ሦስት አራት ጊዜ ከቀመስኩ በኋላ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። የቀረበልኝን ግን አልጨረስኩም።

በማግሥቱም «ነይ ቅመሽ» ተባልኩ። የዚያን ቀን ደግሞ ጨዉ አፍ የሚያቃጥል ነበር፤ ዱቄት መልሰን፣ ውኃ መልሰን፣ እስኪስተካከል ምድጃው ዳር ቆሜ ቀረሁ። በሌላው ቀን እንደገና ባዶ። አንድ ቀን ተናደድኩና፣ «ሁለት ባልቴት ተሰብስባችሁ አንዲት ድስት ገንፎ ማጣፈጥ ያቅታችሁ?» ብዬ ጮኽኩባቸው። እትዬ ዘነበች ማማሰሏን ሳታቋርጥ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» አለችኝ። ገንፎውን ይሁን እኔን፣ ለማን እንዳለችው ያኔ አልጠየቅኋትም።

እንዲህ እንዲህ እያልን መቅመሱ መብላት ሆነ። ኡም ኻሊድም አልቀሩም፤ በአዲስ ድስት የፌጦ ሙቃቸውን አፍልተው፣ ዱቄቱን በቅቤ አቁላልተው፣ «ስኳሩን እዪልኝ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ» ይሉኛል። እትዬ ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ «እኔ የለሁበትም፤ አላየሁም» ትላለች። ቀመስኩት። አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፣ ከዚያ ደረቴን፣ ከዚያ ሆዴን አሞቀኝ። ሌላ ማንኪያ ደገምኩ። አንድ ጠዋት ድስቱ ላይ እንዳጎነበስኩ ሰላም ስታለቅስ የቀሚሴ ደረት በወተት ራሰ። ኡም ኻሊድ አይተው፣ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። እትዬ ዘነበች እልል አለች፣ ግን ጎረቤት ተኝቷልና በሹክሹክታ። በሹክሹክታ እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። የገንፎው ነው፣ የፌጦው ነው፣ የሆስፒታሉ ኪኒን ነው? ሦስቱም የኔ ነው የኔ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ እኔ አላዳላም።

የዚያን ሰሞን ወጥ ቤት ዛሬም በዓይኔ ይሄዳል። የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ያልበዋል። ማሞቂያዋን ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት አመጣናት፤ የሕፃኗ ጨርቅ በወንበሮቹ ላይ ተሰጥቶ ከፊቷ ይደርቃል። ሰላም በኡም ኻሊድ ጭን ላይ፣ እግሯ የጉንፋን ቅባት ተቀብቶ፣ የሱፍ ካልሲ ተደርጎላት። አንዷ በዐረብኛ ታባብላታለች፣ ሌላዋ እሹሩሩ ትላለች፤ ልጅቷ በመሀል እንቅልፏን ትለጥጣለች። ውጭ ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ መንገዱን ሁሉ ሸፍኖታል፣ የመኪናው ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። ሙቀት ማለት ለኔ ዛሬም ያ ወጥ ቤት ነው።

ጌታቸው ግን ይኼን አንዱንም አላየም። ተኝቼ ትቶኝ ይወጣል፣ ሲመለስ ደክሞኝ ተኝቼ ያገኘኛል። «ድኛለሁ እኮ» ስለው፣ «ላለመሄድ ብለሽ ነው» ይለኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ኢድም ገናም በአንድ ሰሞን ዋሉ፤ ሁለቱ ሴቶች በየፊናቸው ፈሰኩ። በዓሉ አለፈ። ጀዋዛት የሚከፈትበት ቀን ደረሰ።

የዚያን ዕለት ፈቃድ ወስዶ ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከቁምሳጥኑ ፓስፖርቴንና ፎቶግራፎቹን አውጥቶ፣ ወጥ ቤት ዞር ብሎ ሳያይ በሩን ከፈተ። ኡም ኻሊድ ወንበር አስወጥተው ደረጃው አናት ላይ ተቀምጠዋል፤ በትራቸው መንገዱን ዘግቶታል።

«ወዴት?»

«ጀዋዛት።»

«ማፊ ኹሩጅ!» አሉት። «አርባ ቀን ሳይሞላት አራስ ከቤት አትወጣም። ኸላስ!»

እትዬ ዘነበች ከሥር እያለከለከች ደረጃውን ስትወጣ ይኼን ሰማች። «የምን አርባ? ሴት ናት የወለደችው፤ ሰማንያ ነው!»

«አርባ!»

«ሰማንያ!»

ጌታቸው መሀላቸው ቆሞ ድምፁ ተሰበረ። «እባካችሁ ልሂድበት! ሚስቴ እኮ ልትሞትብኝ ነው!» አለ። በአምስት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰለቸሁት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰውየው ሲፈራ ነው የከረመው።

ማማሰያዬን እንደያዝኩ ከወጥ ቤት ወጣሁ። በእግሬ፣ ግድግዳ ሳልይዝ። ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነበርኩ፤ ያን ቀን ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ።

«ጌታቸው» አልኩት፣ «ና እስቲ ጨው ቅመስልኝ።»

ፓስፖርቱን እንደያዘ መጣ። እኔን አየ፣ ድስቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ቀመሰ። «ጨው ጎድሎታል» አለ። ያ ሰው ምግብ ማመስገን ዛሬም አያውቅበትም። ፓስፖርቱን ፍሪጁ አናት ላይ ወርወር አደረገው፤ እዚያው አቧራ ጠጥቶ ከረመ። አራታችንም ከአንድ ሳህን በላን። ጎረቤት የተባለው ለዚህ ነው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ኡም ኻሊድ ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ ወዲህ፣ ከሴት ልጃቸው ከኑራ ጋር ተቀምጠን ይኼን ሳጫውታት በመገረም አየችኝ። «እናቴ ጨው መቅመስ አልችልም አለችሽ? ረመዳን የሚያበስል ሰው በምላሱ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀድለታል እኮ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ነው ያበሰለችው» አለችኝ። ማታውኑ ደብረ ታቦር ደወልኩ። እትዬ ዘነበች ሥራዋን ጨርሳ አገሯ ገብታ፣ ዛሬም በዚያ ወፍራም ድምጿ ቤቱን ታዝዛለች። ጠየቅኋት። ሳቋ ስልኩን ሊሰብረው! «አንቺ ደግሞ! ጨው በእጄ መጥኜ ስንት ሠርግ ያበላሁ ሴት፣ ያንቺን ሽንጥ የማታክል ድስት ማጣፈጥ ያቅተኝ? አምጥተን ብናጎርስሽ አልተነሣሽ፣ ብንለምንሽ አልተነሣሽ። ሰው የሚነሣው ሲፈለግ ነው» አለችኝ። እኔ ሞኟ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሁለቱን ሙያ የሌላቸው አድርጌ ስተርክ ኖሬያለሁ። ከጨዋታዬ ሁሉ የምወደው ክፍል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የበለጠ ወደድኩት።

ዛሬ ደግሞ ተራው የሰላም ነው። አድጋ ነርስ ሆና ደማም ትሠራለች፤ ባለፈው ሳምንት በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ጁበይል ፈረቃ ላይ ስለሆነ ላርሳት እሷ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። ሙያዋን ታውቃለች፣ ክኒኗን በሰዓቷ ትውጣለች፣ የሕፃኗን ነገር ሁሉ አሳምራ ይዛለች። ነገር ግን አትበላም። ግድግዳውን ስታይ አየኋት፤ ያንን ግድግዳ አውቀዋለሁ። «እማ፣ ሁሉም ኖርማል ነው፤ አፔታይት ነው የሌለኝ» ትለኛለች። አልተከራከርኳትም። ፌጦውን ያስፈጨሁት ለሷ ነው። ቅቤውን ኑራ ላከችልኝ፣ ዱቄቱ ከአገር ቤት መጥቷል። ዘንድሮ ረመዳን ከኛ ከገና ጾም ተለያይቶ ብቻዬን ጾመኛ ነኝ፤ ቢሆንም አንድ ጾመኛ ይበቃል።

ጌታቸውም አገልግሎቱን ጨርሷል። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ገና ወራት ይቀሩታል፤ እሱ ግን ለጥምቀት አገሬ ልግባ ብሎ ካርቶኑን አስሮ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ምድጃው ላይ ሳለሁ ደወለልኝ።

«አስኩ፣ የመጨረሻውን ኹሩጅ መቼ ላስመታ?»

«ማፊ ኹሩጅ» አልኩት።

ሳቀ። ገብቶታል። «እሺ፤ አርባዋ እስኪሞላ» አለኝ።

«የወለደችው ሴት ናት፤ ሰማንያ ነው!» ብዬ ዘጋሁበት።

ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ተጣራሁ። «ሰላም! ነይ እስቲ ጨው ቅመሽልኝ!»

«እማ፣ አንቺ ቅመሽው።»

«ጾመኛ ነኝ፤ ቅቤ ገብቶበታል።»

«አምጪልኝ እንግዲያ።»

«ከምድጃ ከወረደ ጨው አይገባለትም። ነይ!»

ማማሰሌን ቀጠልኩ። ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ነጠላ ጫማዋ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተ። በሩ ላይ ብቅ አለች፣ አንድ እጇ የተሰፋችበት ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ። ዞር ብዬ አላየኋትም፤ ማማሰያውን ብቻ አቀበልኳት። ቀመሰች። ግንባሯን ቋጠር አደረገች።

«እማ፣ ጨው የሚባል አልነካውም እኮ!»

«ውይ፣ ረሳሁት ማለት ነው» አልኳት። «አርጅቻለሁ፣ ምን ላድርግ? ነገም ትቀምሺልኛለሽ።»